ፋንክሽንን በተጠራ ጊዜ ብቻ መጫን፦ አውቶሎድ እንዴት ይሠራል፣ ወጪውስ ወዴት ይሄዳል?

በስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር የንባብ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ በዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ሲያስነሣው የሚያገኘው የተሰናዳ ነገር ነው። የስክሪፕት ቋንቋ ኢንተርፕሪተር ግን ጽሑፉን ከፋይል ያነባል፣ ቃላቱን ይለያል፣ ሰዋስዉን ያረጋግጣል፣ ያነበበውንም ለአፈጻጸም በሚመች ቅርጽ በሜሞሪ ያስቀምጣል፤ ወደ ሥራው የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ለወራት ሳይዘጋ የሚሠራ ሰርቨር ከሆነ ይህ የመነሻ ድካም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በቀን ውስጥ ደጋግሞ እየተነሣ ጥቂት ሠርቶ ለሚዘጋ ፕሮግራም ግን የመነሻው ጊዜ ከሥራው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዋና ምሳሌ ሼል ነው። ሼል በሊኑክስ፣ በማክና በሌሎች የዩኒክስ ዘር በሆኑ ሥርዓቶች ላይ ተጠቃሚው በተርሚናል የሚጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ሲሆን፣ ራሱን የቻለ የስክሪፕት ቋንቋም ነው። አዲስ የተርሚናል መስኮት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሼል ይነሣል፤ የተነሣውም ሼል የተጠቃሚውን የመነሻ ፋይል ከላይ እስከ ታች አንብቦ ሳይጨርስ ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ አይሆንም። ተርሚናልን የዘወትር መሣሪያው ያደረገ ሰው በዚህ ፋይል ውስጥ ከዓመት ዓመት ብዙ ፋንክሽኖችን፣ ማለትም በአንድ ስም የሚጠሩ የትእዛዝ ስብስቦችን፣ ያጠራቅማል፦ ፎቶ የሚያሳንስ፣ የፋይሎችን ስም በጅምላ የሚለውጥ፣ ባክአፕ የሚይዝ፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ። በአንድ መስኮት ውስጥ ከእነዚህ የሚጠሩት ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ የሚነበቡት ግን ሁሉም ናቸው።

በቤት ውስጥ የአዘቦት ልብስ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሰቀላል፤ የክቱ በሳጥን ተቀምጦ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። እስከዚያው ድረስ መታወቅ ያለበት የክት ልብስ መኖሩና ሳጥኑ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። አውቶሎድ የሚባለው ዘዴ ለፋንክሽኖች የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሼሉ ሲነሣ የፋንክሽኑን ስም ብቻ ይመዘግባል፤ የፋንክሽኑን ጽሑፍ ከዲስክ አንብቦ ወደ ሜሞሪ የሚጭነው ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠራበት ቅጽበት ነው። ያልተጠራ ፋንክሽን አይነበብም።

ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ወጪን እንደሚያስቀር ነው፤ አገላለጹ ግን ግማሽ እውነት ነው። ፈጽሞ ለማይጠሩት ፋንክሽኖች ወጪው በእርግጥ ይቀራል፤ ለሚጠሩት ግን ከመነሻው ሰዓት ወደ መጀመሪያው ጥሪ ሰዓት ይሸጋገራል እንጂ አይጠፋም። ከወጪው ጋር አብሮ የሚሸጋገር ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም ስሕተት የሚታይበት ጊዜ ነው። በመነሻው ላይ ይታይ የነበረው የአጻጻፍ ግድፈት ወይም የጠፋ ፋይል አሁን የሚታየው ፋንክሽኑ በተፈለገበት ሰዓት ነው። ስለ አውቶሎድ የሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳሉ።

ስሙ ተመዝግቦ ጽሑፉ ሲቆይ

ዴቪድ ኮርን በቤል ላቦራቶሪዎች ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ኮርን ሼል፣ በ1988 እትሙ ላይ ኤፍፓዝ የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር ነበረው። ሼሉ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ፓዝ እንደሚባል ሁሉ፣ ኤፍፓዝም ፋንክሽኖች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ፖል ፋልስታድ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዚሼል ይህንኑ ሐሳብ ወርሶ እጅግ አስፋፋው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካታሊና በተባለው የማክ ሥርዓት እትሙ ዚሼልን ዋና ሼል ስላደረገው፣ ዛሬ ማክ ይዞ ተርሚናል የሚከፍት አብዛኛው ሰው አወቀውም አላወቀው የዚህ ዘዴ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር በዚሼል ላይ ያተኩራል።

በዚሼል ውስጥ ሥርዓቱ የቆመው በአንድ ቀላል ስምምነት ላይ ነው፦ የፋይሉ ስም የፋንክሽኑ ስም ነው። ፎቶ የሚያሳንስ ፋንክሽን የሚጽፍ ሰው፣ ፋንክሽኑን የሚጠራበትን ስም ያለ ምንም ቅጥያ ለፋይሉ ይሰጠውና ለፋንክሽኖቹ በለየው ፎልደር ያስቀምጠዋል፤ ያንን ፎልደር በኤፍፓዝ ዝርዝር ውስጥ ይጨምራል፤ በመነሻ ፋይሉም ላይ አውቶሎድ የሚለውን ትእዛዝ ከፋንክሽኑ ስም ጋር ይጽፋል። ሼሉ ይህን ትእዛዝ ሲያነብ ወደ ዲስክ አይሄድም፤ በፋንክሽኖች መዝገቡ ውስጥ በዚያ ስም አንድ ባዶ ቦታ ይዞ «ይህ ገና አልተጫነም» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ስሙ ሲጠራ በኤፍፓዝ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች በተራ ይፈትሽና በዚያ ስም ያገኘውን የመጀመሪያውን ፋይል አንብቦ ባዶውን ቦታ ይሞላል፤ ከዚያም ጥሪውን ከነተሰጡት ግብዓቶች ያስፈጽማል። ሁለተኛው ጥሪ የተለመደ የፋንክሽን ጥሪ ነው፤ ዲስክ አይነካም።

ፍለጋው የሚካሄደው በምዝገባው ሰዓት አለመሆኑ በትኩረት ሊያዝ ይገባል። ተጠቃሚው ፋንክሽኑን ካስመዘገበ በኋላ፣ ገና ሳይጠራው የኤፍፓዝን ይዘት ወይም ቅደም ተከተል ቢለውጥ፣ የሚጫነው በአዲሱ ቅደም ተከተል ቀድሞ የተገኘው ፋይል ነው። ይህ ጠቀሜታ አለው፤ ከሼሉ ጋር የመጣ ፋንክሽን ያልተስማማው ሰው በዚያው ስም የራሱን ጽፎ በኤፍፓዝ መጀመሪያ ላይ በተጨመረ ፎልደር ቢያስቀምጥ የሥርዓቱን ፋይል ሳይነካ የራሱን ያስቀድማል። በአንጻሩ ደግሞ በሌለ ስም ፋንክሽን ቢያስመዘግብ ወይም ስሙን በፊደል ቢሳሳት ሼሉ በመነሻው ላይ ምንም አይናገርም፤ የፋንክሽኑ ፋይል አለመገኘቱን የሚያሳውቀው ስሙ በተጠራበት ሰዓት ነው። ይህን ዝምታ የማይፈልግ ሰው በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል አር የሚጻፈውን አማራጭ ለአውቶሎድ ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ሼሉ ፋይሉን እዚያው ፈልጎ ከሌለ በመነሻው ላይ ያስታውቃል፤ ንባቡን ግን እስከ ጥሪው ያቆየዋል።

በብዙ ሰዎች የመነሻ ፋይል ላይ አውቶሎድ ከሁለት አማራጮች ጋር፣ ማለትም ከትልቁ ዩ እና ከትንሹ ዚ ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ አብዛኛው ሰውም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይገለብጠዋል። ትልቁ ዩ አሊያስ የሚባሉትን የትእዛዝ ማሳጠሪያዎች ይመለከታል። ሼሉ አሊያስን የሚተካው ጽሑፉን በሚያነብበት ጊዜ ስለሆነ፣ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ በአሊያስ አማካይነት ቀለም እንዲጨምር ያደረገ ተጠቃሚ ያ ለውጥ ዘግይቶ በሚነበበው ፋንክሽን ውስጥም ይገባበታል፤ የፋንክሽኑ ጸሐፊ ያላሰበው ውጤትም ይመጣል። ፋንክሽኑ በመነሻ ፋይሉ ላይ ከአሊያሶቹ በፊት ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ዘግይቶ መነበብ ማለት ሌላው ሁሉ ከተቀየረ በኋላ መነበብ ማለት ነውና፣ ትልቁ ዩ በንባቡ ጊዜ የአሊያስ መተካት እንዳይኖር ያግዳል። ትንሹ ዚ ደግሞ ፋይሉ የሚተረጎመው በዚሼል ደንብ እንጂ በኮርን ሼል ደንብ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው ጥሪ ዝም ሲል

የሁለቱ ሼሎች ደንብ የሚለያየው በፋይሉ ውስጥ ምን መጻፍ እንዳለበት ነው። በኮርን ሼል ደንብ ፋይሉ ፋንክሽኑን ከነስሙና ከነቅንፉ የሚተረጉም ሙሉ ጽሑፍ ይይዛል፤ ሼሉ ፋይሉን ያስፈጽመዋል፣ ፋንክሽኑ በዚህ ይፈጠራል፣ ቀጥሎም ይጠራል። በዚሼል ደንብ ግን የፋይሉ ይዘት በሙሉ የፋንክሽኑ አካል ነው፤ ስምና ቅንፍ መጻፍ አያስፈልግም። ከዚህ ጋር አንድ ማለዘቢያ ተደርጓል፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው የዚያው ስም ፋንክሽን ትርጓሜ ብቻ ከሆነና ሌላ ነገር ካልተጨመረበት፣ ዚሼል ነገሩን ተረድቶ የውስጡን ጽሑፍ ይወስዳል።

ችግሩ የሚመጣው በመካከል ላይ ነው። አንድ ሰው በፋይሉ ውስጥ ዋናውን ፋንክሽን ከነስሙ ይጽፍና ከእርሱ በታች አንድ አነስተኛ ረዳት ፋንክሽን ይጨምራል እንበል። አሁን ፋይሉ ከአንድ ትርጓሜ በላይ ስለያዘ ማለዘቢያው አይሠራም፤ የፋይሉ ይዘት በሙሉ የፋንክሽኑ አካል ተደርጎ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ጥሪ ያንን አካል ሲያስፈጽም የሚያደርገው ሁለቱን ፋንክሽኖች መተርጎም ብቻ ነው፤ አንዳች ሥራ ሳይሠራ፣ የስሕተት መልእክትም ሳያሳይ ይጨርሳል። ሁለተኛው ጥሪ ግን አዲሱን ትርጓሜ ስለሚያገኝ በትክክል ይሠራል። ተጠቃሚው የሚያየው መጀመሪያ ዝም ብሎ ደግመው ሲጠሩት የሚታዘዝ ፋንክሽን ነው፤ አዲስ መስኮት ሲከፍትም ነገሩ እንደ ገና ይደገማል። የተለመደው መፍትሔ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ፋንክሽኑን ራሱን ከተቀበለው ግብዓት ሁሉ ጋር የሚጠራ አንድ መስመር መጨመር ነው። ረዳቶቹን በየራሳቸው ፋይል ማስቀመጥም ይቻላል፤ የበለጠ ንጹሕ የሚሆነውም ይህኛው ነው፣ የፋይል ቁጥር መብዛቱን ለማይጠላ ሰው።

በታብ ቁልፍ ጀርባ ያለው ሥራ

የአውቶሎድ ጥቅም በግልጽ የሚታየው በግል ፋንክሽኖች ላይ ሳይሆን ትእዛዝን በታብ ቁልፍ በማሟላት ሥራ ላይ ነው። ተጠቃሚው የአንድን ትእዛዝ ስም ጽፎ ታብን ሲነካ ዚሼል ለዚያ ትእዛዝ የሚስማሙትን አማራጮች ያቀርባል፤ ይህን የሚያደርገውም ለየትእዛዙ በተጻፈ ፋንክሽን ነው። ከሼሉ ጋር የሚመጡት እነዚህ ፋንክሽኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ብዙ ሺህ መስመር አላቸው። ሁሉንም በመነሻው ላይ መጫን የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ኮምፕኢኒት የተባለው የማስጀመሪያ ፋንክሽን የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ መስመር ብቻ ያነባል። በኤፍፓዝ ፎልደሮች ውስጥ ስማቸው በሥረ መስመር የሚጀምረውን ፋይሎች ይመለከትና በመጀመሪያው መስመር ላይ «ይህ ፋንክሽን ለዚህና ለዚህ ትእዛዝ ነው» የሚል ምልክት ካገኘ ያንን መዝግቦ ፋንክሽኑን ለአውቶሎድ ያዘጋጃል። የዚህ ቅኝት ውጤትም በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በአንድ የክምችት ፋይል ይጻፋል፤ በሚቀጥለው መነሻ ላይ የሚነበበው እርሱ ነው። ዚሼል ክምችቱ ያረጀ መሆኑን የሚለየው የሼሉን እትምና የፋይሎቹን ብዛት በማመሳከር ነው። አዲስ ፋይል ሲጨመር ብዛቱ ስለሚለወጥ ክምችቱ ይታደሳል፤ የነበረ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ሲለወጥ ግን ብዛቱ ያው ስለሆነ አሮጌው መረጃ ሳይታደስ ይቀራል። የማሟያ ፋንክሽን ጽፈው «ለምን አይሠራም?» እያሉ የሚቸገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ይህን የክምችት ፋይል አጥፍቶ ሼሉን እንደገና ማስነሣት ነው።

ኮምፕኢኒት በዚያው የፋይሎቹን ባለቤትነትና የፎልደሮቹን የመጻፍ ፈቃድም ይመረምራል። በኤፍፓዝ ውስጥ ያለ ፎልደር ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ፣ ያ ሰው በታወቀ ስም ፋይል ቢያስቀምጥ ተጠቃሚው ታብን በነካ ጊዜ የሌላው ሰው ኮድ በእርሱ ሥልጣን ይሠራል። ተርሚናል ሲከፈት የሚታየው የፎልደር ደኅንነት ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ምርመራውን የሚዘልል አማራጭ ከኢንተርኔት ገልብጦ ዝም ከማሰኘት ይልቅ የፎልደሩን ፈቃድ ማስተካከል ይሻላል።

ተጭኖ የሚጠፋ ፋንክሽን

አውቶሎድ «አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ነጻ ነው» ሲባል የሚዘነጋ አንድ ሁኔታ አለ። የአንድን ፋንክሽን ውጤት በቫሪያብል፣ ማለትም ዋጋን በስም በሚይዝ ቦታ፣ ለመያዝ ስንፈልግ ሼሉ ፋንክሽኑን በንዑስ ሼል ውስጥ ያስፈጽመዋል። ንዑስ ሼል የዋናው ሼል ቅጂ የሆነ ሌላ ሂደት ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ በውስጡ የተደረገው ለውጥ ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ፋንክሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው እዚያ ውስጥ ከሆነ ጽሑፉ የሚጫነው በንዑስ ሼሉ ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ በዋናው ሼል መዝገብ ላይ ያ ስም አሁንም «ገና አልተጫነም» እንደ ተባለ ይቆያል። ፋንክሽኑ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ የሚጠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ በየትእዛዙ መካከል የሚታየውን የመጠየቂያ መስመር ለማዘጋጀት ውጤቱ በቫሪያብል የሚያዝ ከሆነ፣ ፋይሉ በእያንዳንዱ ጥሪ ከዲስክ ይፈለጋል፣ ይነበባል፣ ይተነተናል። ጊዜ ለመቆጠብ የገባው ዘዴ ጊዜ አባካኝ ሆነ ማለት ነው፤ ምንም የሚያስጠነቅቅ ነገር ስለሌለም ሊስተዋል አይችልም።

ዚሼል ለዚህ መድኃኒት አለው። አውቶሎድ የሚለውን ትእዛዝ ከመደመር ምልክትና ከትልቁ ኤክስ ጋር መስጠት ፋንክሽኑን ሳያስፈጽም ወዲያው እንዲጫን ያደርጋል። በዋናው ሼል ላይ አንድ ጊዜ ከተደረገ ከዚያ የሚወለዱት ንዑስ ሼሎች የተጫነውን ይወርሳሉ።

ሥርዓቱን ማሻሻልም የራሱን እንግዳ ነገር ያመጣል። በብዙ ሥርዓቶች ላይ የዚሼል ፋንክሽኖች የሚቀመጡት ስሙ የእትሙን ቁጥር በያዘ ፎልደር ውስጥ ነው። አንድ መስኮት ክፍት እንዳለ ዚሼል ወደ አዲስ እትም ቢሻሻል አሮጌው ፎልደር ከዲስክ ይጠፋል፤ ክፍት ያለው ሼል ግን አሁንም የሚያውቀው የአሮጌውን ፎልደር አድራሻ ነው። ቀደም ብለው የተጫኑት ፋንክሽኖች ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ያልተጫኑት ሲጠሩ ፋይላቸው አይገኝም፤ ታብን መንካት የስሕተት መልእክት መዓት ያወርዳል። መስኮቱን ዘግቶ መክፈት ይበቃል፤ ነገር ግን ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የመነሻ ፋይሉን መበርበር ይጀምራል። ሁሉንም በመነሻው የሚጭን ፕሮግራም ከተነሣ በኋላ ዲስኩ ቢለወጥ ግድ የለውም፤ እያዘገየ የሚጭን ግን እስኪዘጋ ድረስ በዲስኩ ላይ ባለው ነገር ላይ ጥገኛ ነው።

ፋይሉን ያረመ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥመዋል፤ ዚሼል አንዴ የጫነውን ፋንክሽን ፋይሉ ቢለወጥም ተመልሶ አያነብምና። ፋንክሽኑን ከመዝገቡ ሰርዞ እንደገና ለአውቶሎድ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ፊሽ የተባለው ሼል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የፋንክሽኑ ፋይል መለወጡን ራሱ አይቶ እንደገና ይጭነዋል።

ዘዴው በሌለበት ቋንቋ

በሊኑክስ ዓለም እጅግ የተስፋፋው ሼል ባሽ አብሮት የተሠራ አውቶሎድ የለውም። ባሽን የሚጠቀሙ ሰዎች የሚያደርጉት ወኪል ፋንክሽን መጻፍ ነው። ወኪሉ የዋናውን ፋንክሽን ስም ይይዛል፤ አካሉ ግን ሁለት ሥራ ብቻ ያለው ነው፦ ዋናውን ፋይል ማንበብና በዚያው ስም የተሰጠውን ግብዓት ይዞ መልሶ መጥራት። ፋይሉ ሲነበብ ዋናው ፋንክሽን በወኪሉ ቦታ ስለሚተካ ሁለተኛው ጥሪ በቀጥታ ወደ ዋናው ይሄዳል። የዚሼል አውቶሎድ በውስጡ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በባሽ በእጅ መጻፉ ነው።

ለታብ ማሟያ ግን ባሽ በ4.1 እትሙ አንድ ብልሃት አስገብቷል። የራሱ ማሟያ ላልተመዘገበለት ትእዛዝ ሁሉ የሚጠራ አንድ ጠቅላላ ፋንክሽን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ይህ ፋንክሽን የትእዛዙን ማሟያ ከፋይል ጭኖ 124 የሚለውን የመውጫ ቁጥር ሲመልስ፣ ባሽ «እንደገና ሞክር» ማለቱ እንደሆነ ተረድቶ ማሟያውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። አፕል ከማክ ጋር የሚያቀርበው ባሽ 3.2 ስለሆነ ይህ በዚያ ላይ አይሠራም።

ወኪል ፋንክሽን ብዙ ጊዜ የሚጻፍለት ፕሮግራም ኤንቪኤም የሚባለው፣ ኖድ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ እትሞች የሚያስተዳድር ነው፤ እርሱን በመነሻ ፋይል ላይ መጫን ሼሉን በግልጽ ያዘገየዋልና። ሰዎች ኖድ፣ ኤንፒኤም (የኖድ ጥቅል ጫኚ) እና ኤንቪኤም በሚሉት ስሞች ወኪሎችን ጽፈው ከመካከላቸው አንዱ ሲጠራ ሁሉም እንዲጫን ያደርጋሉ። መስኮቱ በፍጥነት ይከፈታል። ይሁን እንጂ ወኪሉ የሚኖረው በሼሉ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ሼል የተነሣ የኮድ ማዘጋጃ ወይም ሌላ ፕሮግራም ኖድን የሚፈልገው በፓዝ ፎልደሮች ውስጥ ፋይል አድርጎ ስለሆነ፣ ኤንቪኤም እስኪጫን ድረስ አያገኘውም። አንድ ስም ከሼሉ ውጭም የሚፈለግ ከሆነ ለወኪል ፋንክሽን ተስማሚ አይደለም፤ ለእርሱ የሚያዋጣው የነባሪውን እትም ፎልደር በቀጥታ ወደ ፓዝ ጨምሮ ከባዱን አስተዳዳሪ ብቻ ማዘግየት ነው።

ከሼል ውጭ ፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጽ ስክሪፕት ቋንቋ ትኩረት የሚስብ ታሪክ አለው። ፒኤችፒ ለእያንዳንዱ የድረ ገጽ ጥያቄ ሥራውን ከባዶ ስለሚጀምር እንደ ሼል ሁሉ የመነሻ ወጪ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 5ኛ እትም ያልታወቀ ክላስ (ፋንክሽኖችንና መረጃን አንድ ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል) ስም ሲያጋጥም የሚጠራ አንድ ልዩ ፋንክሽን ገባ፤ በ5.1 እትም ብዙ ጫኚዎችን በተራ ማስመዝገብ የሚያስችል የተሻለ ዘዴ ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ዘዴም በ2020 በ8.0 እትም ተወገደ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ለክላስና ለመሰሎቹ ነው እንጂ ለተራ ፋንክሽን አይደለም። ምክንያቱ የስም አፈታት ደንቡ ነው፦ ስሞች እንዳይጋጩ በተለየ አንድ የስም ክልል ውስጥ ተራ ፋንክሽን ሲጠራ ፒኤችፒ መጀመሪያ በክልሉ ውስጥ ይፈልጋል፣ ካጣው ወደ ጠቅላላው ክልል ይወጣል። በዚህ ላይ አውቶሎድ ቢጨመር የጽሑፍን ርዝመት እንደሚለካው ያለ የዘወትር ፋንክሽን በተጠራ ቁጥር ጫኚው «በዚህ ክልል ውስጥ አለህ?» እየተባለ በከንቱ ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ ብዙ የፒኤችፒ ጸሐፊዎች ፋንክሽኖቻቸውን በክላስ ውስጥ ያሰፍራሉ፤ ያንን ያላደረጉት የፒኤችፒ ጥቅል አስተዳዳሪ በሆነው በኮምፖዘር አማካይነት የሚያስመዘግቧቸው የፋንክሽን ፋይሎች በየጥያቄው፣ ተጠሩም አልተጠሩ፣ ይጫናሉ።

በፓይተን ደግሞ ክብደቱ ያለው በንባቡ ላይ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ፓይተን የተነተነውን ኮድ በባይትኮድ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ትንተናው አይደገምም፤ ሞጁል፣ ማለትም በራሱ ፋይል የተቀመጠ የኮድ ክፍል፣ ሲጠራ ግን የሞጁሉ ፋይል ከላይ እስከ ታች ይፈጸማል፣ እርሱም የሚጠራቸው ሌሎች ሞጁሎች እንዲሁ። የቆየው መፍትሔ ሞጁሉን የሚጠራውን የኢምፖርት መስመር ከፋይሉ ራስጌ አውርዶ በሚያስፈልገው ፋንክሽን ውስጥ መጻፍ ነው። ኢምፖርት ሁሉ በአንድ መቆጣጠሪያ እንዲዘገይ የቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2022 ውድቅ ተደረገ፤ ጸሐፊው ራሱ በመረጠው መስመር ላይ «ሌዚ» የሚል ቃል እየጨመረ እንዲያዘገይ የሚፈቅደው ሐሳብ ግን በ2025 ለ3.15 እትም ጸደቀ። በዚህ አዲስ ሥርዓት ሞጁሉ ሳይጫን ቢቀር የስሕተት መልእክቱ ሁለት ቦታ ያሳያል፦ ኢምፖርቱ የተጻፈበትንና ሞጁሉ በእርግጥ የተፈለገበትን መስመር። የሐሳቡ አቅራቢዎች ስሕተቱ ከቦታው እንደሚሸሽ አውቀው ያሰናዱት ነው።

ወደ ሼል ስንመለስ፣ አንድ ሰው ፋንክሽኖቹን በየፋይላቸው ከመበተኑ በፊት መለካት ይገባዋል። ዚሼል ዚፕሮፍ የሚባል የመለኪያ ሞጁል አለው፤ በመነሻ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይጫናል፣ በመጨረሻው መስመር ላይ በስሙ ሲጠራ የትኛው ፋንክሽን ስንት ሚሊሰከንድ እንደ ወሰደ በሰንጠረዥ ያሳያል። ብዙ ጊዜ በሰንጠረዡ ራስጌ ላይ የሚገኙት ተጠቃሚው የጻፋቸው አጫጭር ፋንክሽኖች አይደሉም፤ የኮምፕኢኒት ቅኝት ወይም ከውጭ የመጣ ከባድ ፕሮግራም ነው። ዐሥርና ዐሥራ አምስት አጫጭር ፋንክሽኖችን ወደ አውቶሎድ ማዛወር ለሥርዓት ይጠቅም ይሆናል፤ በሰዓት የሚታይ ለውጥ ግን አያመጣም። ንባቡ ራሱ የከበደው ሰው ዚሼል የፋንክሽን ፋይሎችን አስቀድሞ ተንትኖ በተሰናዳ ቅርጽ የሚያስቀምጥበትን ዚኮምፓይል የተባለ ትእዛዝ መጠቀም ይችላል፤ የተሰናዳው ፋይል ከዋናው ጽሑፍ አዲስ እስከሆነ ድረስ ሼሉ እርሱን ይመርጣል። የመጠየቂያውን መስመር የሚያዘጋጁና ከየትእዛዙ በፊት የሚሠሩ ፋንክሽኖችን ግን ማዘግየት ትርጉም የለውም፤ መስኮቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቅጽበት የሚጠሩ ናቸውና፣ አውቶሎድ ለእነርሱ የሚጨምረው አንድ ተጨማሪ የፋይል ፍለጋ ብቻ ነው።